ሲልቨር ስፕሪንግ ስትገቡ፦ ከአድራሻ የሚጀምር ኑሮ

አገር ቤት ሆናችሁ «ዋሽንግተን ልሄድ ነው» ብላችኋል፤ ዘመድ አዝማዱም ዋሽንግተን ብሎ ሸኝቷችኋል። አውሮፕላኑ ግን የሚያርፈው ደለስ ነው፤ ደለስ ደግሞ ቨርጂኒያ ነው። የሚቀበላችሁ ዘመድ ብዙ ጊዜ ይዟችሁ የሚሄደው ወደ ሜሪላንድ ነው፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ታኮማ ፓርክ፣ አንዳንዴም ራቅ ብሎ ጌተርስበርግ። ዋና ከተማዋን የምታዩዋት ለሥራ ስትገቡና ስትወጡ ነው። እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ዲሲ ውስጥ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፣ ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪም በቤተሰብም የመጡ ብዙ ሰዎች እኔ ቤት አርፈው በኋላ የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል። ለእነሱ ቡና እየጠጣን የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት የምለው ይህን ነው፦ አድራሻችሁ ከየትኛው ድንበር ወዲህ እንደሆነ እወቁ፤ ቀጥሎ እዚያ መኖራችሁን የሚመሰክር ወረቀት ያዙ። ታክሱ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ መንጃ ፈቃዱ፣ የተከራይነት መብቱ፣ የሕክምና እርዳታው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ድንበሩ የት ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ስሟ ይግነን እንጂ በሕግ የተቋቋመ ከተማ አይደለችም። ከንቲባ የላትም፣ የከተማ ምክር ቤትም የላትም። የሚያስተዳድራት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ማለትም በስቴቱ ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው፤ መቀመጫው ሮክቪል፣ ነዋሪው ከ1 ሚሊዮን በላይ። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ፍለጋ አትድከሙ። ለቆሻሻ ቢሆን፣ ከአከራይ ጋር ለተነሳ ክርክር ቢሆን፣ የት ቢሮ መሄድ እንዳለባችሁ ለማወቅ ቢሆን 311 ደውሉና አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በስልክ ያገናኟችኋል። አማርኛ በዚህ ካውንቲ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ ጥያቄው ለማንም እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ካውንቲው ከጎንደር ጋር የእህትማማችነት ስምምነት አለው።

ከዲሲ የሚለየን ኢስተርን አቬኑ የሚባል መንገድ ነው። ከወዲህ ያለው ቤት ሜሪላንድ፣ ከማዶ ያለው ዲሲ። በ1791 እና በ1792 የተተከሉት የድንበር ድንጋዮች አብዛኞቹ ዛሬም በብረት አጥር ተከብበው ቆመዋል። ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ለሚነዳ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር አይታየውም፤ ያው አስፋልት፣ ያው ሱቅ ነው። ሕጉ ግን እዚያ ላይ ይለወጣል።

ከታክስ እንጀምር። ዲሲ ሠርቶ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው የገቢ ግብር የሚከፍለው ለሜሪላንድ ነው። ኮንግረስ በ1973 ለዲሲ የራስ አስተዳደር ሲፈቅድ፣ ዲሲ ከውጭ እየመጡ በሚሠሩ ሰዎች ገቢ ላይ ግብር እንዳትጥል ከልክሏል። ነገር ግን ቀጣሪው የት እንደምትኖሩ ካላወቀ የዲሲን ግብር ሊቆርጥባችሁ ይችላል። ሥራ የጀመራችሁ ዕለት ወረቀት ስትሞሉ ዲ-4ኤ የሚባለውን የዲሲ ነዋሪ አለመሆን ማረጋገጫ፣ ከእሱም ጋር የሜሪላንዱን ኤምደብልዩ-507 ጠይቁ። የመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀት ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ከፌዴራሉ ግብር ሌላ የተቆረጠው የሜሪላንድ መሆን አለበት። ዲሲ ተብሎ ከተቆረጠ ዓመቱን ሙሉ አትጠብቁ፣ ወዲያው የሰው ኃይል ክፍሉን አስተካክሉ በሉት። ሜሪላንድ ውስጥ ከስቴቱ ሌላ ካውንቲውም የገቢ ግብር አለው፤ የሞንትጎመሪ 3.2 በመቶ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ይህን ሳያውቅ የደመወዙን ሂሳብ ሲያሰላ ይዛባበታል።

የደመወዝ ወለሉ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እሱ የሚከተለው የምትሠሩበትን ቦታ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዲሲ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 17.95 ዶላር ነው፤ ሞንትጎመሪ ውስጥ ከ50 በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት 17.65፣ አነስ ባሉት ከዚያ ዝቅ ይላል፤ በቀረው ሜሪላንድ በአብዛኛው 15 ዶላር። የዲሲውና የሞንትጎመሪው በየዓመቱ ጁላይ ላይ ይከለሳሉ። ሁለት ሥራ ከቀረበላችሁ የሰዓት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የሜትሮውን (የከተማ ባቡሩን) ወጪና የመንገዱን ጊዜ ደምሩበት። እኔ ዲሲን የመረጥኩት አስልቼ ነው፤ ቅርብ ሠርቶ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ራሱ የሚቀበል ሰው ግን ከእኔ የተሻለ ሊያተርፍ ይችላል።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምላችሁ አለ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ማሽኑ ወይም ጸሐፊዋ «በመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ዜጋ አይደለም፤ መልሱ «አልፈልግም» ነው። ሳይገባው እሺ ብሎ የተመዘገበ ሰው በኋላ ዜግነት ሲጠይቅ ትልቅ ጣጣ ይገጥመዋል። ታኮማ ፓርክ ግን ለብቻዋ ናት፤ የራሷ ከንቲባ ያላት ከተማ ስትሆን፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጡ ትፈቅዳለች። እዚያ የምትኖሩ ከሆነ ምዝገባው በከተማዋ ጽሕፈት ቤት፣ በተለየ መዝገብ ነው። መንጃ ፈቃድ ቢሮ ከሚቀርብላችሁ ጥያቄ ጋር አንድ አይደለም።

ቤት

አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚገባው ከዘመድ ቤት ነው፤ ቀጥሎ ቤዝመንት (ከቤት ሥር ያለ ምድር ቤት) ወይም ከሰው ጋር የሚጋሩት ክፍል ይከራያል። አፓርትመንት ለመከራየት የክሬዲት ታሪክ (ብድርና ዕዳ በወቅቱ መክፈልን የሚያሳይ መዝገብ) እና ከኪራዩ ብዙ እጥፍ የሆነ ገቢ ስለሚጠየቅ መጀመሪያ ላይ አይገኝም። ቤዝመንት ነውር የለበትም፤ ብዙዎቻችን ያለፍንበት ነው። ብቻ ስትገቡ ዓይናችሁን ክፈቱ።

ቤዝመንት ልታዩ ስትሄዱ መጀመሪያ ወደ መኝታ ክፍሉ ግቡና መስኮቱን ተመልከቱ። ትልቅ ሰው በዚያ መስኮት መውጣት ይችላል? እጃችሁን ዘርጉና ክፈቱት። በቀለም ተለጥፎ የማይከፈት፣ ወይም ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ቀዳዳ ከሆነች መኝታ ቤት አይባልም፤ ደረጃው ላይ እሳት ቢነሳ መውጫ የላችሁም። ቀና በሉና የጭስ መጠቆሚያውን ፈልጉ፤ ቁልፉን ተጫኑት፣ መጮህ አለበት። ቤቱ በጋዝ የሚሞቅ ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያም መኖር አለበት፤ ብዙ ጊዜ የማሞቂያው ቦይለር የሚገኘው ከእናንተ መኝታ ግድግዳ ጀርባ ነው። ከዚያ የቤዝመንቱን ጠርዝ ጠርዝ እዩ፤ ምንጣፉ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቆር ያለ መስመር ካለ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይገባል ማለት ነው። ሽታው ይነግራችኋል።

ሞንትጎመሪ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሁሉ የካውንቲው የኪራይ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃድ አለው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ አከራዩ ሊቀየማችሁ አይገባም። የአገር ሰው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሳለማለን፣ እንዴት እጠይቀዋለሁ የሚል ይሉኝታ ብዙ ሰው ጎድቷል። ከአገር ሰው ጋር ስትከራዩም ውል ይጻፍ። የገቡበት ቀን፣ የኪራዩ መጠን፣ ውሃና መብራት በማን ላይ እንደሆነ፣ የማስለቀቂያ ጊዜው፣ የሁለታችሁ ፊርማ። ይህን የምለው አለመተማመንን ላስተምር ፈልጌ አይደለም። ያለዚያ ወረቀት ልጃችሁን ትምህርት ቤት ማስመዝገብም ሆነ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይከብዳችኋል። ኪራዩንም በጥሬ ገንዘብ አትስጡ፤ በቼክ ወይም በባንክ ይሁን፤ ጥሬ ገንዘብ ከሆነ በየወሩ ደረሰኝ ተቀበሉ።

አፓርትመንት ስትገቡ ደግሞ መብታችሁ ሰፋ ይላል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ አከራይ የሚጠይቀው ዲፖዚት (የመያዣ ገንዘብ) ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ስትወጡም ዲፖዚቱ በ45 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይገባል፤ የተቀነሰ ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ ተዘርዝሮ ይላክላችኋል። ስለዚህ የገባችሁበት ዕለት እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ምድጃውን፣ ምንጣፉን በስልካችሁ አንሱ፤ አዲሱን አድራሻችሁንም ስትወጡ በጽሑፍ ስጡ።

ሞንትጎመሪ በ2023 ባወጣው፣ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ መሠረት፣ ሕጉ የሚመለከታቸው ቤቶች ኪራይ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ አይጨምርም፤ የዋጋ ንረቱ ዝቅተኛ በሆነ ዓመት ደግሞ ጣሪያው ከዚያም ይወርዳል። ሕጉ ሁሉንም አያቅፍም። ከተሠራ 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ከዚህ ውጭ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራይ ግለሰብም እንዲሁ። ከሜትሮው አጠገብ ካሉት አዳዲስ መስታወታም ሕንፃዎች አንዱን «የመጀመሪያ ሁለት ወር ነፃ» በሚል ማስታወቂያ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አስቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኪራዩ የት እንደሚደርስ የሚገድበው ነገር የለም። እኔ ብጠየቅ ከጆርጂያ አቬኑ ትንሽ ገባ ያሉትን የቆዩ የጡብ አፓርትመንቶች እመርጣለሁ። ማሞቂያቸው ይጮኻል፣ ኩሽናቸው ጠባብ ነው፣ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ማቀድ ያስችላሉ። ጭማሪ ሲመጣም በጽሑፍ፣ ከ90 ቀን ቀደም ብሎ ሊነገራችሁ ይገባል፤ በዓመት ከአንድ ጊዜም አይበልጥም። ውል ስትፈርሙ አከራዩ የሁለት ዓመት ውል አማራጭ እንዲያቀርብላችሁ የካውንቲው ሕግ ያዛል። መቀበል ግዴታችሁ አይደለም፤ መኖሩን ማወቅ ግን ይጠቅማል።

ፖስታ ሳጥን

ይህን ለብቻው ያነሳሁት ሰው ሁሉ ስለሚንቀው ነው። ግሪን ካርዱም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱም፣ የባንክ ካርዱም የሚመጡት በፖስታ ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ወንድም ከእህቱ ቤት ቢያርፍ ሁለቱ በአባት ስም ሊገናኙ ይችላሉ፤ የአጎት ልጅ፣ አማች፣ ጓደኛ ከሆነ ግን በሳጥኑ ላይ ያለው ስምና በፖስታው ላይ ያለው ስም ፈጽሞ አይገናኙም። ፖስተኛው «እዚህ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ዘንድ ያረፈች አንዲት ልጅ ግሪን ካርዷ እንዲሁ ተመልሶ ሄዶ ወራት ጠብቃለች።

መፍትሔው ትንሽ ወረቀት ነው። በሳጥኑ ውስጥ፣ ፖስተኛው ሲከፍት በሚያየው በኩል፣ የቤቱን ነዋሪ ሁሉ ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በእንግሊዝኛ ፊደል በትልቁ ጻፉና በፕላስተር ለጥፉ። አፓርትመንት ከሆነ የቤት ቁጥሩን ሳትጽፉ አድራሻ ለማንም አትስጡ። የኢሚግሬሽኑን 235 ዶላር ክፍያ ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት ክፈሉ፤ ሳይከፈል ካርዱ አይላክም። ካርዱ እስኪደርስ ግን ሥራ ለመጀመር አትጨነቁ፤ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ቪዛ ስትገቡ ከተመታው ማኅተም ጋር ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ይህን የማያውቅ ቀጣሪ ካጋጠማችሁ ቪዛው ላይ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ራሱን አሳዩት።

በስማችሁ የሚመጣ ደብዳቤን አትጣሉ። የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የስልክ ክፍያ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ማንኛውም ነገር ከነፖስታው ይቀመጥ። እነዚህ ናቸው ሜሪላንድ መኖራችሁን የሚመሰክሩላችሁ። ባንክ አካውንት በመጀመሪያው ሳምንት ክፈቱ የምለውም ለገንዘቡ ብዬ ብቻ አይደለም፤ አድራሻ ያለበት የመጀመሪያው ወረቀታችሁ ከዚያ ይመጣል።

መንገድ

የሜትሮው ቀይ መስመር ቅርጹ እንደ ፈረስ ጫማ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በምሥራቁ ክንድ ላይ ናት፣ ሮክቪል በምዕራቡ። ወደ ዲሲ መሐል መግባት ቀላል ነው፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። የካውንቲው ቢሮዎች ወዳሉበት ሮክቪል በባቡር ልሂድ ካላችሁ ግን ዲሲን ሙሉ በሙሉ ሰንጥቃችሁ በማዶ መውጣት አለባችሁ። ለሮክቪልና ለቤተዝዳ አውቶቡስ ይሻላል። ሁለቱን ክንዶች በላይ በኩል የሚያገናኘው ሐምራዊ መስመር ከቤተዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 21 ጣቢያ ይኖረዋል፤ ግንባታው በ2017 ተጀምሮ እስካሁን አላለቀም። «ባቡር ሊመጣ ነው» ብሎ ከፍ ያለ ኪራይ የሚጠይቃችሁን አከራይ ባቡሩ ሲመጣ እንነጋገር በሉት።

አውቶቡሶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ አንድ ፌርማታም ይጋራሉ። ራይድ ኦን የካውንቲው ነው፤ ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነፃ ሆኗል። ሜትሮባስ ግን 2.25 ዶላር ያስከፍላል። በዚያው ሰሞን ሜትሮባስ የመስመሮቹን ስም በሙሉ ስለቀየረ፣ ቀድሞ የመጣ ዘመድ በድሮው ቁጥር መንገድ ቢነግራችሁ ስልካችሁ ላይ አረጋግጡ። ቸኩላችሁ ካልሆነ ራይድ ኦኑን ጠብቁ፤ ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ በወር ሲደመር የእህል ወጪ ይሸፍናል።

በሜትሮ ባቡር ስትገቡም ስትወጡም ካርድ ታስነካላችሁ፤ ሂሳቡ በርቀትና በሰዓት ስለሚወሰን ነው። በሥራ ቀን ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ይደርሳል፤ ማታና ቅዳሜ እሑድ ይቀንሳል። የምግብ እርዳታ የምታገኙ ከሆነ ሜትሮ ግማሽ ዋጋ የሚያስከፍልበት ፕሮግራም አለው፤ ብዙ የእኛ ሰው ሳያመለክት ሙሉውን ይከፍላል። በሥራ ቀናት ባቡሩ የሚጀምረው በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ሲሆን፣ ከዓርብ በቀር እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። የሌሊት ፈረቃ ስትቀበሉ ሰዓቱን ከዚህ ጋር አስተያዩ፤ ሥራው ከሌሊቱ 1 ሰዓት የሚያበቃ ከሆነ የታክሲው ወጪ የሰዓት ክፍያችሁን ይበላዋል። ዊተን አካባቢ የምትከራዩ ደግሞ የጣቢያው ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር እንደሚረዝም እወቁ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አብረዋችሁ ካሉ አሳንሰሩ የት እንደሆነ አስቀድማችሁ አሳዩአቸው።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፦ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ የኢትዮጵያን ሰዓት ለጊዜው ተዉት፣ ቀኑንም ስትጽፉ ወሩ ይቀድማል። 03/07 የተባለ ቀጠሮ ማርች 7 ነው።

መኪና ስትገዙ ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሜሪላንድ ነዋሪ ከሆነ በኋላ የሜሪላንዱን ለማውጣት 60 ቀን አለው። የዓይን ምርመራ፣ የሕግ ፈተና፣ የመንዳት ፈተና፣ ስለ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ የሦስት ሰዓት ትምህርት ይጠየቃል። ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቅርባችን ያለው ቢሮ ዋይት ኦክ ነው። ዲሲ በ2004 በወጣ ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ በአማርኛ ጭምር እንዲያገለግሉ ስለምታስገድድ «እዚያ ይቀላል፣ የዲሲ አድራሻ አውሰኝና ላውጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። አታድርጉት። በማትኖሩበት አድራሻ የወጣ ወረቀት አንድ ቀን ከታክሱና ከኢሚግሬሽኑ ወረቀት ጋር ይጋጫል። ዲሲ ስትነዱ የፍጥነት ካሜራው ብዙ ነው፤ ቅጣቱ ሜሪላንድ ድረስ በፖስታ ይመጣል፣ በ30 ቀን ካልተከፈለ እጥፍ ይሆናል።

ልጆች

ከኢትዮጵያ ስትነሱ የልጆቹን የክትባት ካርድና የልደት ምስክር ወረቀት በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ለሻንጣ ክፍል አትስጡ። ከውጭ የመጡ ልጆች የሚመዘገቡት ሮክቪል በሚገኘው የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ዓለም አቀፍ መመዝገቢያ ቢሮ በኩል ነው። የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የሚወስነው የቤቱ አድራሻ ነው፤ መንገድ ተሻግሮ ያለው ጎረቤት ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት ሊሄድ ይችላል። ከዘመድ ቤት ካላችሁ፣ ዘመዳችሁ አብራችሁ እንደምትኖሩ በኖተሪ (ፊርማ በሕግ በሚያረጋግጥ ሰው) የተረጋገጠ ቅጽ ይሞላላችኋል፤ የራሱንም የቤት ሰነድ ያያይዛል። ይህን ከመምጣታችሁ በፊት ንገሩት፤ ኦገስት መጨረሻ ትምህርት ሊጀመር ሲል አታስቸኩሉት። ሴፕቴምበር 1 ድረስ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ይገባል።

የትምህርት ቤቱ ሥርዓት መልእክቶቹን በአማርኛም ያወጣል። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ያለ ክፍያ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ጥፋት በመምህሩና በእናቱ መካከል ቆሞ ሊተረጉም አይገባም፤ ለልጁም ለእናቱም አይበጅም። ሁለተኛ ደረጃ የሚገባ ልጅ ካላችሁ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንደሚጠየቅ ከአሁኑ ንገሩት። አስቀድሞ ከተፈቀደለት ድርጅት ጋር ከሆነ በእረፍቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ይጨርሰዋል።

አገር ቤት ልጅን ለጎረቤት አደራ ብሎ ወጣ ማለት የተለመደ ነው። እዚህ ግን ከ8 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ቤት ውስጥም መኪና ውስጥም ብቻውን መተው በሜሪላንድ ሕግ ወንጀል ነው፤ የሚጠብቀው ልጅም ከሆነ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሁለታችሁም የፈረቃ ሥራ ከያዛችሁ ማን መቼ ቤት እንደሚሆን በወረቀት ጻፉና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። በዚህ ጉዳይ የሚያለቅሱ ወላጆች አይቻለሁ፤ ክፋት አልነበረባቸውም፣ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሲታመሙ

ኢንሹራንስ ሳይኖራችሁ ሆስፒታል ከገባችሁ ሂሳቡን አይታችሁ አትደንግጡ፣ አትደበቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታሎች ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር ሁለት እጥፍ ለማይበልጥ ሰዎች አስፈላጊውን ሕክምና በነፃ እንዲሰጡ፣ እስከ ሦስት እጥፍ ለሚደርሱት ደግሞ ቅናሽ እንዲያደርጉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻውን ጠይቁ፤ ሂሳቡ ቤት ከመጣ በኋላም ማመልከት ይቻላል። ሆስፒታል ስለምሠራ የማየው ነው፦ የጠየቀ ያገኛል፣ ያፈረ ዕዳ ተሸክሞ ይወጣል። ለዘወትሩ ሕመም ደግሞ ኢንሹራንስ የሌላቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች የሚታከሙበት ሞንትጎመሪ ኬርስ የሚባል የካውንቲው ፕሮግራም አለ፤ እዚህም የሚጠየቀው የነዋሪነት ማስረጃ ነው።

የአገር ሰውና የሰፈሩ ሰው

እንጀራ አይቸግራችሁም፤ ጆርጂያ አቬኑና ፌንተን ስትሪት ላይ ሱቁ ብዙ ነው፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሳይቀር ይሸጣል። ቀድሞ የእኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤት የሚበዛው ዲሲ ዩ ስትሪት አካባቢ ነበር፤ ኪራዩ ሲንር ብዙው ወደዚህ ወጣ። ኤምባሲው ግን እዚያው ዲሲ ነው፣ ከቫን ኔስ ጣቢያ አቅራቢያ፣ በዚሁ በቀይ መስመር። ለውክልናና ለፓስፖርት ስትሄዱ መኪና ይዛችሁ አትንገላቱ።

እድር ግቡ፤ ገና ወጣት ነን አትበሉ። ሰው እዚህ ሲሞት ሬሳ አገር ቤት ለመላክ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፣ በለቅሶ መሐል ማዋጣት ደግሞ ለሁሉም ይከብዳል። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በማኅበር የተቋቋሙ እድሮች አሉ፤ ደንባቸውን አንብባችሁ፣ ከተመዘገባችሁ በኋላ ስንት ጊዜ ቆይቶ መብት እንደሚጀምር ጠይቃችሁ ግቡ።

ግን በአማርኛ ብቻ አትኑሩ። እዚህ ሰፈር ዓመታት እንግሊዝኛ ሳይናገሩ መኖር ይቻላል፤ አሠሪውም፣ አከራዩም፣ መካኒኩም የአገር ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ የኖረ ሰው ከዚያ ክበብ ውጭ የተሻለ ሥራ ሲመጣ እጁ አይደርስም። የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ነፃ የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ክበብ አለው፤ ጊልክሪስት የሚባለው የካውንቲው የስደተኞች ማዕከል የእንግሊዝኛና የዜግነት ትምህርት ይሰጣል፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ድንበር ላይ ግቢ አለው። ኮሌጁ የካውንቲውን ነዋሪ ከሌላው በጣም ባነሰ ዋጋ ያስተምራል፤ ያ ያጠራቀማችሁት የአድራሻ ወረቀት እዚህ በገንዘብ ይመነዘራል። ጎረቤታችሁንም ተዋወቁ። በረዶ ሲጥል የራሱ ቤት ያለው ወይም ቤት ሙሉ የተከራየ ሰው ከደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠርግ ካውንቲው ያስገድዳል፤ ከጎን ያሉትን አሮጊት ደጅ አብሮ የጠረገ ሰው ለዓመቱ ወዳጅ ይኖረዋል።

ቤት ስትቀይሩ

መቀየራችሁ አይቀርም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በተዛወረ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፣ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ለየብቻ መሞላቱን አረጋግጡ። ለፖስታ ቤት ማሳወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከመንግሥት የሚመጣ አንዳንድ ደብዳቤ ወደ አዲሱ ቤት አይዞርም። ቀጥሎ መንጃ ፈቃዱ፣ ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ አሠሪያችሁ። ዲሲ ወይም ቨርጂኒያ ከሆነ የተሻገራችሁት የግብር ቅጹንም ያን ሳምንት ቀይሩ፤ መጋቢት አካባቢ ሂሳብ ስትሠሩ ለሁለት ስቴት ማመልከት እንዳለባችሁ አትርሱ። የኤአር-11ን ማረጋገጫ አትማችሁ ከግሪን ካርዱ ቅጂ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ ዜግነት ስታመለክቱ ያለፉትን አምስት ዓመታት አድራሻ ከነቀኑ ይጠይቋችኋል።